የአሥር ሺህ ሦስት መቶ አንድ ጣጣ

ሰው በመሬት ይጣላል፣ በልጅ ይጣላል፣ በፖለቲካ ይጣላል። እኔ የተጣላሁት ከቁጥር ጋር ነው። ቁጥሩም አሥር ሺህ ሦስት መቶ አንድ ይባላል። ስጽፈው ራሱ እጄ ይከብደኛል። ጅማ፣ ሄርማታ ሰፈር ባለው ቤታችን ውስጥ ይህ ቁጥር አይጠራም። ባለቤቴ ዘሃራ ስትቆጥር ከአሥር ሺህ ሦስት መቶ ተነስታ ቀጥታ ወደ አሥር ሺህ ሦስት መቶ ሁለት ብትዘል አይደንቀኝም። ደግነቱ ቤታችን ውስጥ እስከዚያ የሚያስቆጥር ነገር የለም።

የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ይህ በራሱ በሽታ አይደለም፤ የእኔ በሽታ ሌላ ነው። ቁጥር አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። የባጃጅ ታርጋ ይሁን፣ የመብራት ቆጣሪ ይሁን፣ የሐኪም ቤት ወረፋ ይሁን፣ ይካፈላል ወይስ አይካፈልም እያልኩ በሆዴ እፈትነዋለሁ። ከአንድና ከራሱ በቀር ምንም ነገር እኩል የማያካፍለው ቁጥር ካጋጠመኝ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ እውላለሁ። በትምህርት ቤት ቋንቋ ይህን «ብቸኛ ቁጥር» እንለዋለን። ሰባት ብቸኛ ነው፣ አሥራ ሦስትም ብቸኛ ነው። ዘጠኝ ግን አይደለም፤ ሦስት ጊዜ ሦስት ስለሆነ ገበናው ቶሎ ይወጣል። በተጋባን ሰሞን የሠርጋችንን ቀን ፈትኜ «ዘሃራ፣ ቀናችን እኮ ብቸኛ ነው!» ብዬ ባበሥራት «ታዲያ ለምን ተጋባን?» ብላኛለች። ያኔ መጠንቀቅ ነበረብኝ።

የዘሃራ አባት አባ ሜጫ ከአጋሮ ወጣ ብሎ በሚገኝ ቀበሌ ቡና ነበራቸው። ስንት እግር ቡና እንደነበራቸው ማንም አያውቅም። እሳቸውም አያውቁም። አላህ የሰጠውን ነገር ቁጭ ብሎ የሚቆጥር ሰው በረካው ይሸሸዋል ብለው ያምኑ ነበር፤ በዚያ አገር ይህን የሚያምኑት ደግሞ እሳቸው ብቻ አይደሉም። አንድ ቀን እንደ ቀልድ «አባባ፣ ስንት እግር ቡና ይኖርዎታል?» ብላቸው ቀና ብለው አይተውኝ «የሚበቃኝ» አሉኝ። መልስ ያልሰጡኝ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ የተሰጡት መልሶች ሁሉ ያን ያህል ትክክል እንዳልነበሩ የገባኝ አሁን ነው።

የቡና ለቀማው ባለቀ ሰሞን አባ ሜጫ ሞቱ፣ አላህ ይዘንላቸው። በጸጥታ ኖረው በጸጥታ ሄዱ። ሚስታቸው ቀድመዋቸዋል፤ የቀሩት ሦስት ልጆች ናቸው። ትልቁ ነዚፍ መድረሳ የተማረ፣ ከአባቱ ጋር ማሳው ላይ የኖረ ነው። ሁለተኛው ጀማል አስኳላ ገብቶ፣ ጅማ ወርዶ የጨርቅ ሱቅ የከፈተ ነው። የመጨረሻዋ የእኔዋ ዘሃራ ናት። እነዚህ ሦስት ሰዎች እርስ በርስ ክፉ ቃል ሲለዋወጡ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ይህን አሁን የምነግራችሁ ኋላ የሆነውን ስትሰሙ ልዩነቱ እንዲታያችሁ ነው።

በሸሪዓው መሠረት ወንድ ሁለት ድርሻ፣ ሴት አንድ ድርሻ ትወስዳለች። ሁለቱ ወንድሞች ሁለት ሁለት፣ እህታቸው አንድ፤ በድምሩ አምስት ድርሻ ማለት ነው። መሬቱን በሜትር እንዳይካፈሉት ግማሹ ገደል፣ ግማሹ ረግረግ ነው። ስለዚህ የአገሩ ሽማግሌዎች መክረው «ቡናው በእግር ይቆጠርና ይከፈል» አሉ። ነዚፍ ይህን ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ፤ አባቱ ዕድሜ ልኩን ያልቆጠረው ነገር ሊቆጠር ነው። ግን ሽማግሌ ያለውን መቃወም አልወደደም።

ለቆጣሪነት የተመረጥኩት እኔ ነኝ። ባርሲሳ ስለሆነ አይሳሳትም አሉ። እዚያ አገር አስተማሪን የሚጠሩት ባርሲሳ ብለው ነው፤ ሲጠሩኝም ደስ ይለኛል። የአባ ሜጫ ቡና በዛፍ ጥላ ሥር እንደ ልቡ የበቀለ እንጂ በመስመር የቆመ አይደለም። አንዱን ሁለቴ እንዳንቆጥር ለተቆጠረው ሁሉ የኮባ ልጥ እናስርለታለን። ከታች ከወንዙ ጀምረን፣ በጭቃ እየተንሸራተትን፣ ጉንዳን ሱሪያችን ውስጥ እየገባ፣ ከሳምንት በላይ ለፋን። የመጨረሻዋ እግር በሩ ላይ ያለችው ሆነች። አባ ሜጫ ከሁሉ አስቀድመው የተከሏት እሷን ነው። አርጅታ ቁመቷ ከቤቱ ክዳን በልጧል። ከሰዓት በኋላ ከዓስር ሶላት መልስ በርጩማቸውን አውጥተው የሚቀመጡት እሷ ሥር ነበር። ልጡን ግንዷ ላይ ሳስር የጠራሁት ቁጥር አሥር ሺህ ሦስት መቶ አንድ ነበር።

ሽማግሌዎቹ እዚያው ዛፏ ሥር ተሰብስበው የመስጊዱ ኢማም ሼህ ኢድሪስ ዱዓ ጀመሩ። እኔም እንደ ሰው እጄን ዘርግቼ አሚን እላለሁ። ሆዴ ግን እያካፈለ ነው። በሁለት እንዳይባል ጎዶሎ ነው። በሦስት ሁለት ይተርፋል። በሰባት አራት፣ በአሥራ አንድ አምስት፣ በአሥራ ሦስትም አምስት ይተርፋል። አባ ሜጫ ብዙ ዘመድ ስለነበራቸው ዱዓው ረጅም ነበር፤ እኔም ጊዜ አገኘሁ። አንድ መቶ አንድ ላይ ስደርስ መቶ ተረፈ፤ አንድ ብትጨመርበት ልክ ይመጣ ነበር። ከዚያ በላይ መሞከር አያስፈልግም። ቁጥሩ ብቸኛ ነው።

በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ደግሞ ልብ ብዬ ሳየው ከግራም ቢነበብ ከቀኝም ቢነበብ ያው ነው፤ አንድ፣ ዜሮ፣ ሦስት፣ ዜሮ፣ አንድ። አኃዞቹን ስደምራቸው አምስት መጡ፣ ልክ እንደ ድርሻው ብዛት፤ ሆኖም አምስት አያካፍለውም። እንዲህ ያለ ቁጥር በሰው ዕድሜ ስንቴ ይገኛል? ያስተማርኩት ዘመን ሁሉ ለዚህ ቀን የተዘጋጀሁበት መስሎ ታየኝ።

«ባርሲሳ፣ ቁጥሩ ደረሰ?» አሉኝ ሼህ ኢድሪስ ፊታቸውን በመዳፋቸው አብሰው።

«ደርሷል ሼሃችን። አሥር ሺህ ሦስት መቶ አንድ። ግን እንደ ሌላው ቁጥር አይምሰልዎት። ይህን ቁጥር ከአንድና ከራሱ በቀር የሚያካፍለው የለም። ከቀኝ ቢያነቡት፣ ከግራ ቢያነቡት አንድ ነው።»

ሐዘን ቤት መሆኑን ዘንግቼ ፈገግ ብዬም ነበር መሰለኝ። ዘሃራ ከሴቶቹ ጋር በሩ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። በልጅ ላይ የሚወድቅ ዕቃ የምታይ እናት እንዴት እንደምታይ ታውቃላችሁ፤ እንደዚያ አየችኝ።

«የሚያካፍለው የለም?» አለ ነዚፍ ቀስ ብሎ።

«ከአንድ በቀር የለም።»

«በአንድ ግን ይሆናል።»

«በአንድማ ምን የማይሆን አለ» አልኩት።

ነዚፍ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ። «ሱብሓነላህ። አባቴ ቡናዬን አትቁጠሩ ሲል የኖረው ለዚህ ነው። እንዳይበተን፣ በአንድ እጅ እንዲያዝ ነው ሐሳቡ። እኔ አይደለሁም ያልኩት፤ ባርሲሳው ነው ያለው። ከቀኝም ከግራም።»

ሁለት ሽማግሌዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። አንደኛው «ምልክት ነው» አሉ። በሕይወቴ ያስተማርኩት ትምህርት በዚህ ፍጥነት ገብቶት የሚያውቅ ተማሪ አላየሁም።

«ያ አንዱ ማን ነው ታዲያ?» አለ ጀማል።

ነዚፍ ኮፍያውን አስተካከለ። መመለስም አላስፈለገውም፣ ትልቁ እሱ ነበር።

«ቆይ፣ ቆይ» አልኩ። እኔ ቆይ ባልኩ ቁጥር ነገር እንደሚብስ ዘሃራ ታውቃለች። «እኩል አያልቅም ማለት እኮ ጨርሶ አይከፈልም ማለት አይደለም። አንዱ ድርሻ ሁለት ሺህ ስልሳ ነው። ነዚፍ አራት ሺህ አንድ መቶ ሃያ፣ ጀማልም እንዲሁ፣ ዘሃራ ሁለት ሺህ ስልሳ። የምትተርፈው አንዲት እግር ብቻ ናት።»

«የትኛዋ?» አሉ ሼህ ኢድሪስ።

አላሰብኩበትም ነበር። ዝም ብል ምን ነበረበት? ወይም ከወንዙ ዳር አንዷን ብጠቁም? እኔ ግን የተደገፍኩትን ግንድ በመዳፌ መታ መታ አድርጌ «መጨረሻ የተቆጠረችው ናት ማለት ነው፣ ይቺው» አልኩ።

በዚያች ደቂቃ አሥር ሺህ ሦስት መቶው እግር ቡና ተረሳ። ከዚያ በኋላ ጭቅጭቁ ሁሉ በሩ ላይ ስላለችው አንዲት ዛፍ ሆነ። ነዚፍ፣ ከአባቴ ጋር ሥሯን የኮተኮትኩ እኔ ነኝ አለ። ጀማል፣ ሱቅ ልከፍት ስሄድ አባቴ ቆሞ የመረቀኝ እሷ ሥር ነው አለ። ሼህ ኢድሪስ «ለመስጊዱ ትሰጥ» ቢሉ ሁለቱም እኩል እምቢ አሉ፤ የተስማሙበት ብቸኛው ነገር ይህ ነበር። ዘሃራን ማንም አልጠየቃትም። አባቷ ከእርሻ ሲመለሱ ኪሳቸው ውስጥ የያዙላትን ዘይቱን ያወጡላት የነበረው እሷ ሥር መሆኑን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ እሱንም የነገረችኝ ድሮ ነው።

በየጁምዓው ከሶላት በኋላ ዛፏ ሥር መሰብሰብ ሆነ። ከጅማ እኔ፣ ዘሃራና ጀማል በአንድ ሚኒባስ እንሄዳለን። ጀማል ፊት ወንበር ላይ፣ እኛ ኋላ። ደርሰን እስኪበቃን እንጨቃጨቃለን። ከዚያ የነዚፍ ሚስት ምሳ ታቀርባለች፤ ሁለቱ ወንድሞች አይተያዩም፣ ግን ከአንድ ትሪ ይበላሉ። ከዚያ ደግሞ እንጨቃጨቃለን።

አንድ ጁምዓ ጀማል መፍትሔ አመጣ። «ከታች አንድ እግር እንቁረጥና አሥር ሺህ ሦስት መቶ ይሁን። ለአምስት ልክ ይመጣል።»

«ነጋዴ ሆነህ ቡና ረሳህ» አለው ነዚፍ። «ቡና ሲቆርጡት ያቆጠቁጣል። ቁጥርህ በዓመቱ ተመልሶ ይመጣል።»

«እንንቀለዋ።»

«የአባቴን ቡና የሚነቅል እጅ ካለ ልየው» አለ ነዚፍ።

ጥፋቱ የእኔ ስለሆነ ማረሙም የእኔ ነው ብዬ ስጨነቅ ሰነበትኩ። ክረምቱ ሲገባ አንድ ቀን ክፍል ውስጥ እያስተማርኩ መልሱ ዱብ አለልኝ። አሥር ሺህ ሦስት መቶ ሁለት ማለት እኮ አንድ መቶ አንድ ሲባዛ በአንድ መቶ ሁለት ነው! በሁለት ይካፈላል፣ በሦስት ይካፈላል፣ በስድስት፣ በአሥራ ሰባት ይካፈላል። ብቸኝነቱ በአንዲት ችግኝ ይድናል። መቁረጥ የለ፣ መንቀል የለ፣ መትከል ብቻ። ጠመኔውን አስቀምጬ ወጣሁ። ተማሪዎቹ የታመምኩ መስሏቸው ነበር፤ አልተሳሳቱም።

ከችግኝ ጣቢያ አንድ የቡና ችግኝ ገዝቼ በጁምዓው ከእነ ዘሃራ ጋር ጭኔ ላይ ይዤ አጋሮ ወረድኩ። አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ «ወደ አጋሮ ቡና ይዞ የሚሄድ ሰው ዛሬ አየሁ» አሉኝ። አልከፋኝም። ዝናቡ እየመታኝ ሁሉም እያዩ ከበሩ ዛፍ ጥቂት ራቅ ብዬ ተከልኳት። እጄን በሱሪዬ ጠርጌ «አሁን አሥር ሺህ ሦስት መቶ ሁለት ነው። አሁን ይካፈላል» አልኩ።

ጀማል ስልኩን አውጥቶ ነካካ። ቀና አለ። እንደገና ነካካ።

«ለአምስት?» አለኝ።

ለአምስት። የሚከፈለው ለአምስት ነበር። በሁለት፣ በሦስት፣ በስድስት፣ በአሥራ ሰባት ፈትኜው ነበር፤ በአምስት ግን አልፈተንኩትም።

«ሁለት ይተርፋል» አለ ጀማል ስልኩን ወደ ኪሱ እየመለሰ። «እስካሁን የተጣላነው ባንድ ነበር። ሶዳችን ሁለተኛ አመጣልን።» ሶዳ ማለት በዚያ አገር አማች ነው።

ማንም አልሳቀም። ቢስቁብኝ ይሻለኝ ነበር። ነዚፍ ችግኟን ትክ ብሎ አይቶ «አንዴ ተተክላለች፣ የተተከለ አይነቀልም» ብሎ ገባ። ሄርማታ ወርደን በራችንን ስንከፍት ዘሃራ «አንተ ግን የምታስተምረው ሒሳብ ነው አይደል?» አለችኝ። ነው አልኳት።

ሐምሌ ላይ ከባድ ዝናብ ከነፋስ ጋር ጣለ። ነዚፍ ደወለ፤ ከአባቱ ሞት ወዲህ ድምፁ እንዲህ ለስልሶ አልሰማሁም። ወንዙ ዳር የነበረው ትልቅ ዋንዛ ወድቆ አንዲት እግር ቡና ከነሥሯ ነቅሏል። ሌሎቹን አጎንብሷቸዋል እንጂ አልጎዳቸውም። «አላህ ራሱ ፈረደ» አለ። «ለጀማልም ንገረው፣ ኑና እንጨርስ።» ዘሃራ ይህን ስትሰማ አለቀሰች። ወንድሞቿ ሊታረቁላት ነው፤ ከዚያ ሌላ የፈለገችው ነገር አልነበረም። ስለ ቡናው አንድ ቀንም አንስታ አታውቅም።

እኔ ግን በመንገድ ላይ ማስላት ጀመርኩ። የወደቀችው ትቀነሳለች፣ የተከልኳት አለች። አሥር ሺህ ሦስት መቶ ሁለት ሲቀነስ አንድ። ያው እሱ ራሱ ነው፣ ብቸኛው፣ ከቀኝም ከግራም። በዚህ ታሪክ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አፌን ያዝኩ። ምን ዋጋ አለው፣ ጀማል ስልክ አለው።

«ችግኟ ትቆጠራለች ወይ?» አለ ጀማል ዛፏ ሥር እንደተቀመጥን።

«ለምን አትቆጠርም? የተተከለች ናት» አለ ነዚፍ።

«እንዲተርፍ ስለምትፈልግ ነዋ። ካልተካፈለ አንተ እጅ ይቆያል።»

«እኔ እጅ የቆየው አባቴን ሳስታምም ስለኖርኩ ነው። አንተ ጨርቅ ስትለካ።»

«አስታመምከው ወይስ ሞቱን ጠበቅክ?»

ነዚፍ ተነሳ፣ ጀማልም ተነሳ። እኔ መሐላቸው ገባሁ፤ ምን ብዬ እንደምናገር ግን አላውቅም ነበር፣ የማውቀው ሒሳብ ብቻ ነው።

ዘሃራ ከሴቶቹ መሐል ተነስታ መጣች። ነጠላ ጫማዋ ጭቃው ላይ ቀረ። ጎንበስ ብላ ችግኟን በሁለት እጇ ከነአፈሯ ነቀለቻት።

«ይኸው» አለች። «አሥር ሺህ ሦስት መቶ ነው። ተካፈሉ።»

እህታቸው ያን ያህል ጮክ ብላ ስትናገር ሰምተው አያውቁም። ተቀመጡና ዕጣ ተጣለ። የበሩ ወገን ለነዚፍ ወጣ፣ መሐሉ ለጀማል፣ የወንዙ ዳር ለዘሃራ። አሥር ሺህ ሦስት መቶ ለአምስት፣ እንደ ውኃ ወረደ። እንዲህ የሚያምር ማካፈል ሰሌዳ ላይ ብቻ ነው የማውቀው። ነዚፍ ገና ሳንሄድ ሽቦ አምጥቶ ወሰኑን ማጠር ጀመረ። የበሩ ዛፍ ከሽቦው ወዲያ ሆነች። ጀማል በራሱ ድርሻ ግንዶች ላይ ቀለም የሚቀባ ሰው እቀጥራለሁ ብሎ ሳይሰናበት ሄደ፤ ሌላ መኪና ያዘ። ምሳ ደርሶ ነበር። የነዚፍ ሚስት ትሪውን ይዛ በሩ ላይ ቆመች፣ ማንን እንደምትጠራ ግራ ገባት፣ መልሳ ይዛው ገባች።

በሚኒባሱ ስንመለስ ዘሃራ መስኮቱ ዳር ተቀመጠች። ችግኟን በኮባ ጠቅልላ ጭኗ ላይ አድርጋታለች፤ ቅጠሏ መጠውለግ ጀምሯል። ዝናቡ መስኮቱን ይመታል። አንድ ነገር ልበላት ብዬ አስቤ፣ ያለኝ ነገር ሁሉ ቁጥር ሆነብኝና ተውኩት። አጋሮን አልፈን ብዙ ከሄድን በኋላ እሷው ጀመረች።

«አለቀ በቃ?»

«አለቀ።»

«ምንም ሳይተርፍ?»

«ምንም» አልኳት። «ልክ ነው የመጣው፣ አንድ እንኳ አልተረፈም።»

ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች።

«እስከ ዛሬ አንድ ነበረን» አለች።

ከፊታችን የቡና ጆንያ የጫነ መኪና እየተጎተተ ዳገቱን ይወጣ ነበር። ታርጋው ቁልጭ ብሎ ይነበባል። አልፈተንኩትም።